አረም ከበዛበት መስክ ድርቆሽና ገፈራ ስለ ማዘጋጀት

የሣር ነገር የባላገር እንጂ የተማሪ ጉዳይ አይደለም የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከተሜው በበጋ የሚጠጣው ወተት በክረምት ከበቀለው ሣር የሚገኝ ስለ ሆነ፤ ሣሩ እንዴት ተጠብቆ እንደሚቆይ ማወቅ ለማንም አይከፋም። ክረምቱ ሲወጣ በሱሉልታ ሜዳም ሆነ በሌላው ደጋ መስክ ከሣሩ ጋራ ልዩ ልዩ አረም ተደባልቆ ይታያል። ባለ መስኩ ሁሉን ነቅሎ እንዳይጨርስ መስኩ ሰፊ ነው፤ እንዲያው አጭዶ እንዳይከምር ደግሞ ከብቱ አይበላለትም። የዚህ ጽሑፍ አሳብ የመኖው መልካምነት በአረሙ ብዛት ብቻ ሳይሆን በአረሙ ዓይነትና በአጨዳው ቀን ይወሰናል የሚል ነው።

በመጀመሪያ አረሙን መለየት ያስፈልጋል። ሣር ያልሆነ ሁሉ አረም አይደለም። ሦስት ሦስት ቅጠል የሚያወጣው ማገጥ ከሣሩ ይልቅ ገንቢ ነው፤ ሥሩም መሬቱን ያዳብራል። ሁለተኛው ወገን እንደ ኮሸሽላ እሾኻምና አገዳው ወፍራም የሆነው ነው፤ ይህ መኖውን ያበላሻል እንጂ ከብቱን አይመርዝም። ሦስተኛው ወገን ግን አደገኛ ነው። ሳይንቲስቶች ሰኔሲዮ ከሚሉት ወገን ብዙዎቹ የከብትን ጉበት ይጎዳሉ፤ ቅንጬ አረም የተባለው ፓርቲኒየምም የወተትን ጣዕም ያበላሻል። ላም በግጦሽ ላይ ሳለች እነዚህን እየተወች ሌላውን ትመርጣለች። ደርቀው ሲደባለቁ ግን መለየት ያቅታታል፤ መርዙም በመድረቅ አይጠፋም። ስለዚህ ይህ ወገን ከአጨዳ በፊት በእጅ ተነቅሎ ከመስኩ ይውጣ። ቅንጬ አረም ቆዳን ስለሚያስቆጣ ነቃዩ እጁን ይሸፍን።

ሁለተኛው ነገር ቀኑ ነው። «ሳይደርቅ በእርጥቡ፤ ሳይርቅ በቅርቡ» የሚለው ተረት ለዚህ ይስማማል። ብዙ ሰው ክምሩ እንዲበዛለት ሣሩ እስኪቢጫ ይጠብቃል። በዚያን ጊዜ አገዳው እንጨት ሆኗል፤ አረሙም ዘር አፍርቷል። እንዲህ ያለውን ድርቆሽ የሚገዛ ሰው አረምንም በገንዘቡ ገዝቶ ወደ ግቢው ያስገባል፤ ዘሩም በፍግ ወደ እርሻው ይደርሳል። የሚሻለው ሣሩ ማበብ ሲጀምር፤ አረሙም ዘር ሳይዝ ማጨድ ነው።

ለድርቆሽ የታጨደው ሣር በስሱ ተሰጥቶ ይገላበጣል። እርጥብ ሣር ከ100 እጅ 80 ያህሉ ውሃ ሲሆን፤ ሲከመር ወደ 15 መውረድ አለበት። እንግዲህ ከ100 ኪሎ እርጥብ ሣር 24 ኪሎ ያህል ድርቆሽ ይገኛል ማለት ነው። ወፍራም አገዳ ያለው አረም ከሣሩ ዘግይቶ ስለሚደርቅ፤ ክምሩ ውስጥ ሻጋታ የሚጀምረው ከእርሱ ነው። ስለዚህ ሣሩን ብቻ ዳስሶ ደርቋል ማለት አይበቃም፤ የአረሙን አገዳ ሰብሮ ማየት ይገባል።

ነገር ግን ለማጨድ በሚሻለው ጊዜ ዝናቡ ገና ያልወጣ እንደ ሆነ ድርቆሽ አይሆንም። ያን ጊዜ የሚረዳው ገፈራ ነው። ሣሩ ጥቂት ጠውልጎ ከ2 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይከተፋል፤ ውሃ በማይገባበት ጉድጓድ እየተረገጠ ይጠቀጠቃል፤ ከዚያም በላስቲክና በአፈር ይደፈናል። አየር ሲጠፋ ረቂቃን ሕዋሳት የሣሩን ስኳር ወደ ኮምጣጣ አሲድ ይለውጡታል፤ ይህም ብስባሴን ይከለክላል። የሣሩ ስኳር እንዳያንስ በ100 ኪሎ ከ3 እስከ 5 ኪሎ ሞላሰስ መጨመር ይጠቅማል። ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲከፈት እንደ እርሾ ያለ ሽታ ካለው መልካም ነው። የፊንላንዱ ኬሚስት አርቱሪ ቪርታነን በ1945 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተሰጠው በተለይ በእንዲህ ያለው የመኖ አጠባበቅ ምርምሩ ነበር። ነገሩ ግን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ እንሰት የሚተክሉ ወገኖቻችን ቆጮን በጉድጓድ ሲያብላሉ የሚሠሩት በዚሁ ሕግ ነው።

ገፈራ ብዙ የአረም ዘር ይገድላል፤ ሁሉን ግን አይገድልም። መርዝንም ያጠፋል ተብሎ አይታመንበትም። እንግዲህ መርዛሙን አስቀድሞ መንቀል፤ የቀረውን በጊዜው ማጨድ፤ ፀሐይ ካለ ድርቆሽ፤ ዝናብ ካለ ገፈራ ማድረግ ነው። ለዚህ ሁሉ የሚያስፈልገው ማጭድ፤ ጉድጓድና ላስቲክ ስለ ሆነ፤ በእረፍት ወደ አገሩ የሚሄድ ተማሪ ለቤተ ሰቡ ሊያስረዳው የሚችል ሥራ ነው።