የሂሳብ መኪናው ያልጠበቅነውን ሲነግረን

በሸዋ ሮቢት አካባቢ ሽንኩርት ተነቅሎ ጆንያ ሲሞላ፣ ሂሳቡ ብዙ ጊዜ የሚሠራው እዚያው ማሳ ዳር ነው። ነጋዴው ትንሿን የሂሳብ መኪና ከኪሱ ያወጣል፤ የገበሬው ልጅ ደግሞ ሞባይሉን ያወጣል። ሁለቱ የተለያየ ቁጥር ሲያሳዩ ጭቅጭቅ ይነሳል። አንዱ ሌላውን አጭበርባሪ ይለዋል። እኛ ግን ቆም ብለን ነገሩን እንመርምር።

ጠዋት 3 ጆንያ፣ ከሰዓት በኋላ 4 ጆንያ ሞላን እንበል። እያንዳንዱ 80 ኪሎ ይመዝናል። 3 ሲደመር 4 ሲባዛ በ80 ብለን ቁልፎቹን ብንነካ ትንሿ መኪና 560 ትላለች። ሞባይሉ ግን 323 ይላል። ምነው? ትንሿ መኪና እንደነገርናት በተራ ትሄዳለች፤ 3ንና 4ን ደምራ 7 ካደረገች በኋላ በ80 ታባዛለች። የዛሬው ሞባይል ግን ብዙውን ጊዜ የትምህርት ቤቱን ደንብ ይከተላል፤ ማባዛት ከመደመር ይቀድማል። ስለዚህ 4ን በ80 አባዝቶ 320 ያገኝና 3 ይጨምርበታል። ያ 3 እኮ ጆንያ ነበር እንጂ ኪሎ አልነበረም! በ323 ከተስማማን 237 ኪሎ በነፃ ሰጠን ማለት ነው። ኪሎው 20 ብር ቢሆን 4,740 ብር ሄደብን።

ታዲያ ትንሿ መኪና ሁልጊዜ ልክ ናት ማለትም አይደለም። ነጋዴው ካለፈው ሽያጭ የቀረ 200 ብር አለበት እንበል። 200 ሲደመር 560 ሲባዛ በ20 ብንላት፣ ብሩን ከኪሎው ጋር ደምራ 15,200 ትላለች። አሁን ልኩን የሚናገረው ሞባይሉ ነው፤ 11,400 ብር።

እንግዲህ አንድ በአንድ መሥራት ነው። ጆንያውን ደምሮ መጻፍ፣ ኪሎውን አባዝቶ መጻፍ፣ ከዚያ ብሩን መጻፍ። መኪናውን ከመንካታችን በፊትም በግምት እንያዘው። 7 ጆንያ መቶ መቶ ኪሎ ቢይዝ 700፣ ሃምሳ ሃምሳ ቢይዝ 350 ነው። 323 ከዚህም ያነሰ ስለሆነ ወዲያው ያስጠረጥራል።

አንዳንዴ ደግሞ የፊተኛው ሂሳብ ሳይጠፋ ይቀርና ከአዲሱ ጋር ይደባለቃል። የማጥፊያውን ቁልፍ መንካት አይረሳ።

ጥፋቱ ከመኪናዋ ከራሷም ሊሆን ይችላል። በትንሿ መኪና ላይ 8 የሚጻፈው በሰባት ትንንሽ መስመሮች ነው። የመካከለኛው መስመር ከሞተ 8 ዜሮ መስሎ ይታያል። ለመፈተን መስኮቱ እስኪሞላ 8ን ደጋግሞ መንካት ይበቃል። አንዱ እንኳ ጎደሎ ሆኖ ከታየ በዚያች መኪና ሂሳብ አይዘጋም።