ስለ ሞተር ዘይት አለዋወጥ፤ በአጭር መንገድ ለሚመላለሱ መኪናዎች

ዛሬ የወረዳ ሥራ ያለ መኪናና ያለ ሞተር ብስክሌት የሚፈጸም አይደለም። ዘርና ማዳበሪያ ለማድረስ፥ የቡናውን ለቀማ ለመጐብኘት፥ በሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ወደ ሐኪም ቤት ለመውሰድ ሁሉ ሞተር ያስፈልጋል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ከውጭ አገር እንዳይገባ መንግሥት ስለ ወሰነ፥ በእጃችን ያለው የቤንዚንና የናፍጣ ሞተር በቀላሉ የሚተካ አይደለምና ዕድሜውን ማስረዘም የሹሙም የባለ እርሻውም ግዴታ ሆኗል። ስለዚህ በዚህ ትምህርት አንድ ነገር ብቻ እናስረዳለን፤ እርሱም በአጭር በአጭር መንገድ የሚመላለስ መኪና ዘይቱ የሚለወጥበት ጊዜ በኪሎሜትር ብቻ ሳይሆን በወርም መቆጠር የሚገባው መሆኑን ነው።

ለምሳሌ በኢሉባቦር ያለችውን ሁሩሙን እንውሰድ። ሁሩሙ ከመቱ ወደ ያዮና ወደ በደሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት። በዚያ የሚሠራ አንድ መኪና ጧት ከቤት ወደ መሥሪያ ቤት፥ በቀትር ወደ ቤት፥ ከዚያም ተመልሶ ወደ ሥራ፥ ማታም ወደ ቤት ሲል በቀን 8 ኪሎሜትር ሄደ እንበል። በወር 25 ቀን ቢሠራ 200 ኪሎሜትር ይሆናል። የመኪናው መመሪያ ዘይቱ በ10,000 ኪሎሜትር ይለወጥ ቢልና ነጂው ይህን ቍጥር ብቻ ቢጠብቅ፥ ዘይቱ አራት ዓመት ከሁለት ወር ሳይለወጥ ይቀመጣል ማለት ነው። ነጂው «ገና አልደረሰም» ሲል ሐሰት አልተናገረም፤ ነገር ግን ዘይቱ ከተበላሸ ብዙ ጊዜ ሆኖታል።

ዘይቱ መኪናው ብዙ ሳይሄድ ለምን ይበላሻል? ቤንዚን ሲነድ በውስጡ ያለው ሃይድሮጅን ከአየሩ ኦክሲጅን ጋራ ተዋሕዶ ውኃ ይሆናል። አንድ ሊትር ቤንዚን ሲቃጠል አንድ ሊትር ያህል ውኃ ይወጣዋል። አብዛኛው እንፋሎት ሆኖ ከጭሱ ጋራ ወደ ውጭ ይሄዳል፤ ጥቂቱ ግን በፒስተኑ ቀለበት በኩል አልፎ ወደ ዘይቱ ይወርዳል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ከሆነ ይህ እንፋሎት፥ እንጀራ ሲጋገር የአክንባሎው ውስጥ እንደሚያልበው ሁሉ፥ በብረቱ ላይ ጤዛ ሆኖ ይቀራል። እንደዚሁም ቀዝቃዛ ሞተር ሲነሣ ቤንዚን በብዛት ስለሚረጭ፥ ያልነደደው ዘይቱን ያቀጥነዋል። ናፍጣ በሚነድበት ሞተር የመቅጠኑ ነገር ያነሰ ቢሆንም ጥላሸቱ ይበዛል። ውኃውም ከቃጠሎው ትርፍ ጋራ ተገናኝቶ አሲድ ይፈጥራል፤ አሲዱም ኩሽኔታውን ይበላል።

ሞተሩ ረዥም መንገድ ቢሄድ ይህ ሁሉ በሙቀቱ ተንኖ በወጣ ነበር። ለዚህ ግን ዘይቱ ራሱ ወደ 90 ዲግሪ ያህል ሞቆ ጥቂት መቆየት ይገባዋል፤ ይህም ብዙ ጊዜ 20 ደቂቃና ከዚያ በላይ ሳያቋርጡ መንዳትን ይጠይቃል። የራዲያተሩ ውኃ ቶሎ ይሞቃል፤ ዘይቱ ግን ወደ ኋላ ይቀራል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው መልካም ምልክት ቢያሳይም ዘይቱ ሞቋል ማለት አይደለም።

ምልክቱን ማወቅ ለሹሙም አይከብድም። የዘይት መሙያው ክዳን ሲከፈት ከሥሩ ወተት የመሰለ ቅባት ቢገኝ ዘይቱ ውኃ ይዟል። የራዲያተሩም ውኃ አብሮ የሚጎድል ከሆነ ነገሩ ከአጭር መንገድ የመጣ አይደለምና መኪናው ሳይነዳ ለሠራተኛ ይታይ። በመለኪያው ዘንግ ላይ ዘይቱ ከፍ ብሎ ቢታይ ወይም ቤንዚን ቤንዚን ቢሸት፥ ቤንዚን ተቀላቅሎበታል። ብዙ ነጂዎች «መኪናዬ ዘይት አይበላም» ብለው ይመካሉ፤ የጎደለውን ዘይት ቤንዚኑ ተክቶት እንደ ሆነ ግን አያውቁም። እንዲህ ያለው መኪና ከመቱ እስከ አዲስ አበባ ያለውን 600 ኪሎሜትር ያህል መንገድ በድንገት ቢታዘዝ፥ ቤንዚኑ በሙቀት ይተንና ዘይቱ በመንገድ ላይ ጎድሎ ይገኛል። የዘይቱ መጥቈር ብቻውን ግን ፍርድ አይሰጥም፤ የናፍጣ ሞተር ዘይት ጤነኛ ሳለ ቶሎ ይጠቍራልና።

ስለ ሆነም የሚከተለው ሥርዐት ይጠበቅ።

1ኛ. በመኪናው መመሪያ ውስጥ ስለ ከባድ አገልግሎት የተጻፈው ይነበብ። ብዙ መመሪያዎች ከ8 ኪሎሜትር ያነሰ መንገድ ደጋግሞ መሄድን፥ ቆሞ ሞተር ማሠራትን፥ አቧራንና ከባድ ጭነትን ከከባድ አገልግሎት ይቈጥራሉ፤ ጊዜውንም ወደ እኩሌታ ያወርዱታል። 10,000 ኪሎሜትር ወይም 12 ወር የተባለው 5,000 ኪሎሜትር ወይም 6 ወር ይሆናል።

2ኛ. ከኪሎሜትሩና ከወሩ ቀድሞ የደረሰው ይጠበቅ። ከላይ የተናገርነው መኪና በ6 ወር 1,200 ኪሎሜትር ብቻ ይሄዳልና የሚገዛው ወሩ ነው። እንዳይረሳም መስከረም 1 ቀንና መጋቢት 1 ቀን ይወሰን፤ የመስከረሙ ክረምቱ ሲያልቅና የቡናው ለቀማ ሳይጀመር ስለሚውል ይልቁን ይጠቅማል። ፊልትሮውም ከዘይቱ ጋራ ይለወጥ።

3ኛ. ጥቃቅኑ ጉዳይ ተሰብስቦ በአንድ ጉዞ ይፈጸም። መኪናው በሳምንት አንድ ጊዜ ሥራ ይዞ እስከ መቱ ደርሶ ቢመለስ ዘይቱ ይደርቃል። ሞተሩን አስነሥቶ በግቢ ማቆም ግን ዘይቱን በዝግታ ስለሚያሞቀው ቤንዚን ከማባከን በቀር አይረባም።

4ኛ. ዘይቱ በየሳምንቱ በደልዳላ ቦታ፥ ሞተሩ ከጠፋ ጥቂት ደቂቃ በኋላ ይለካ።

5ኛ. ሞተር ብስክሌትና ባጃጅ የሚይዙት ዘይት ጥቂት ስለ ሆነ ቶሎ ያድፋል፤ የራሳቸው መመሪያ ይጠበቅ። የወፍጮና የቡና መፈልፈያ ሞተር ኪሎሜትር ስለሌለው የሠራበት ሰዓት እየተጻፈ ይቈጠር።

6ኛ. ዘይት የተለወጠበት ቀን፥ ኪሎሜትሩና የዘይቱ ዓይነት በመዝገብ ይጻፍ፤ ነጂውና ኀላፊው ይፈርሙበት።

«ዘይት ውድ ነው፤ በ1,200 ኪሎሜትር መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው» የሚል አይጠፋም። በየቀኑ ከሁሩሙ መቱ ለሚመላለስ መኪና እውነት ነው፤ የእርሱ ዘይት በየጉዞው ይሞቃልና ያለ ጊዜው አይለወጥ። በከተማ ውስጥ ብቻ ለሚዞረው ግን የዘይቱ ዋጋ ሞተር ፈትቶ ከማሠራት ዋጋ ጋራ የሚመዛዘን አይደለም። መኪናው በጋራዥ ሲቀመጥ የሚቀረው ሥራ ደግሞ በገንዘብ አይተመንም።

የወጣው ዘይት በዕቃ ተጠራቅሞ ለሚሰበስቡት ይሰጥ እንጂ በመሬት ላይ ወይም በወንዝ አይፈስስ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት አንድ ጋሎን የተቃጠለ ዘይት አንድ ሚሊዮን ጋሎን ንጹሕ ውኃ ሊያበላሽ እንደሚችል ያስተምራል። ሁሩሙ ደግሞ ዩኔስኮ በ2002 ዓ.ም. ከመዘገበው ከያዮ የቡና ደን ክልል ጋራ የተያያዘች ናት፤ ውኃዋም የቡናው፥ የከብቱና የሰው ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፥ እያንዳንዱ ኀላፊ በእጁ ያለውን መኪና መዝገብ አስመጥቶ ዘይቱ መቼ እንደ ተለወጠ ይመልከት። ስድስት ወር ያለፈው ካለ፥ ኪሎሜትሩን ሳይጠይቅ እንዲለወጥ ያዝዝ።