የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት አመራረጥ፦ የሕዝብ ፖሊሲና ዓለም አቀፍ ግንኙነት

ሀ. ምንባቡን ከማንበባችሁ በፊት በሚከተሉት ጥያቄዎች ላይ ተወያዩ።

1. አንድ ሰው ከዩኒቨርሲቲ ተመርቆ ሥራ ከያዘ በኋላ እንደገና ወደ ትምህርት የሚመለሰው ለምንድን ነው?
2. የዳቦ ዋጋ ሲወደድ መፍትሔ መፈለግ የማን ተግባር ነው?

ለ. ምንባብ

እ.ኤ.አ. በ2022 በዩክሬን ጦርነት በተስፋፋ ጊዜ የጥቁር ባሕር ወደቦች ተዘጉ፤ የስንዴም ዋጋ በዓለም ገበያ ናረ። ስንዴ ከውጭ የሚያስገቡ የአፍሪካ አገሮች መንግሥታት በአንድ ጊዜ ሁለት ዓይነት ጥያቄ ቀረበላቸው። አንደኛው የውስጥ ጥያቄ ነው። የዳቦ ዋጋ እንዳይወደድ መንግሥት ይደጉም ወይስ አይደጉም? ቢደጉም ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ድጎማው የሚደርሰው ለድኃው ብቻ ነው ወይስ ዳቦ መግዛት ለማይቸግረውም ጭምር? ሁለተኛው ደግሞ የውጭ ጥያቄ ነው። ስንዴ የጫኑት መርከቦች ከወደብ እንዲወጡ ማን ከማን ጋር ይደራደር? ለዚህ ጥያቄ ጊዜያዊ መልስ የተገኘው በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር፣ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅትና ቱርክ አደራድረው ኢስታንቡል ላይ ስምምነት በተፈረመ ጊዜ ነበር። ስምምነቱም አንድ ዓመት ያህል ከሠራ በኋላ በ2023 ፈረሰ።

የመጀመሪያውን ጥያቄ የሚመረምረው የትምህርት ዘርፍ የሕዝብ ፖሊሲ ይባላል፤ ሁለተኛውን የሚመረምረው ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነው። ሁለቱ ዘርፎች ጎረቤታሞች ስለሆኑ ብዙ ወጣቶች እንደ አንድ ይቆጥሯቸዋል፤ በአንድ ጣራ ሥር የሚያስተምሯቸው ዩኒቨርሲቲዎችም አሉ። ይሁን እንጂ ተማሪው በየዕለቱ የሚሠራው ሥራ ይለያያል። የሕዝብ ፖሊሲ ተማሪ አብዛኛውን ጊዜውን የሚያሳልፈው ከቁጥር ጋር ነው። ስታቲስቲክስ፣ ኢኮኖሚክስና የበጀት ትንተና ይማራል፤ ረጅም ጥናት አንብቦ፣ ጊዜ የሌለው ሚኒስትር ሊያነበው በሚችል የሁለት ገጽ ማስታወሻ ማቅረብን ይለማመዳል። ለዓለም አቀፍ ግንኙነት ተማሪ ግን ታሪክ፣ ዓለም አቀፍ ሕግ፣ የድርድር ስልትና የውጭ ቋንቋ ይበዙበታል። ቁጥርን በመፍራት ብቻ ወደዚህ ዘርፍ የሚሸሽ ተማሪ አይጠፋም፤ ነገር ግን ኢኮኖሚክስ እዚያም ቆሞ ይጠብቀዋል።

ትምህርት ቤቶቹ የተመሠረቱበት ዘመን ስለ ዓላማቸው ይናገራል። በአሜሪካ የጆርጅታውን ዩኒቨርሲቲ የውጭ አገልግሎት ትምህርት ቤት የተከፈተው በ1919፣ አንደኛው የዓለም ጦርነት ባበቃ ማግስት ነው። የጄኔቭ ዓለም አቀፍ ጥናት ተቋም በ1927 የተቋቋመው የመንግሥታት ማኅበር መቀመጫ በነበረችው ከተማ ነው። በሌላ በኩል በሲራኪዩስ ዩኒቨርሲቲ የሚገኘው የማክስዌል ትምህርት ቤት በ1924 ሲመሠረት ትኩረቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት እንዴት በሥርዓት እንደሚመራ ማስተማር ነበር። የፖሊሲ ትምህርት ቤቶች የተስፋፉት ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ ነው። በዚያን ጊዜ የአሜሪካ መንግሥት በድኅነት ላይ ብዙ ገንዘብ የሚጠይቁ ዕቅዶች ጀምሮ ስለነበር፣ «ዕቅዱ በእርግጥ ይሠራል ወይ?» ብሎ የሚመረምር ባለሙያ ተፈለገ።

እንግዲህ መራጩ በምን ይምረጥ? ብዙዎች የሚመርጡት በስም ነው። ስም ዋጋ የለውም ማለት አይቻልም፤ በር ይከፍታል። ሆኖም ከስሙ ይልቅ የኮርሶቹን ዝርዝር አንብቦ፣ የሁለተኛው ዓመት ተማሪ ምን እንደሚሠራ መጠየቅ ይበልጥ ይጠቅማል። ለምሳሌ በሃርቫርድ የኬኔዲ ትምህርት ቤት የሁለት ዓመቱን የሕዝብ ፖሊሲ ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች ለአንድ መሥሪያ ቤት እውነተኛ ችግር አጥንተው ምክር የሚያቀርቡበት ሥራ አለ። እንዲህ ያለው ልምምድ ከብዙ ንግግር የበለጠ ያስተምራል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የገንዘብ ጉዳይ ነው፤ አመልካቾችም በመጨረሻ የሚያስቡት እርሱን ነው። በብዙዎቹ ታዋቂ የአሜሪካ የግል ዩኒቨርሲቲዎች የአንድ ዓመት የትምህርት ክፍያ ብቻውን ከ50 ሺህ ዶላር ይበልጣል፤ መኖሪያና ምግብ ለብቻው ነው። ይህን በብድር የከፈለ ወጣት ሲመረቅ የሚጠብቀው የመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ዕዳውን አይችልለትም። ስለዚህ ሕዝብን ለማገልገል ብሎ የጀመረው ሰው ዕዳውን ለመክፈል ሲል ለንግድ ድርጅት አማካሪ ሆኖ ይቀራል፤ ትምህርቱ የታሰበለትን ሥራ ዕዳው ይነጥቀዋል። ሁሉም አንድ አይደሉም፤ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ በዚህ ዘርፍ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚቀበላቸውን ተማሪዎች የትምህርት ክፍያ ራሱ ይሸፍናል። የሚቀበለው ግን ጥቂት ሰው ነው።

መቼ መማር እንደሚገባም ማሰብ ያስፈልጋል። ወይዘሮ ኤለን ጆንሰን ሰርሊፍ ከሃርቫርድ በሕዝብ አስተዳደር ሁለተኛ ዲግሪ ያገኙት በ1971 ሲሆን፣ አስቀድመው በላይቤሪያ የገንዘብ መሥሪያ ቤት ሠርተው ነበር፤ ከ2006 እስከ 2018 አገራቸውን በፕሬዚዳንትነት መርተዋል። አቶ ኮፊ አናን ደግሞ በ1961 በጄኔቩ ተቋም መማር ጀምረው፣ ሳይመረቁ በ1962 በዓለም ጤና ድርጅት ተቀጠሩ። ሁለተኛ ዲግሪያቸውን የያዙት ከአሥር ዓመት በኋላ በ1972 ነው፤ ያውም በዓለም አቀፍ ግንኙነት ሳይሆን በሥራ አመራር። የሥራን ችግር ቀምሶ የመጣ ተማሪ ለመምህሩ የሚያቀርበው ጥያቄ አለው።

ለእኛ ቀጣና ተማሪ ሌላም መንገድ አለ። የአፍሪካ ኅብረትና የተባበሩት መንግሥታት የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን መቀመጫቸው አዲስ አበባ ነው። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲም በ2007 የተቋቋመ የሰላምና ደኅንነት ጥናት ተቋም ይገኛል። ድርድርን ማጥናት ለሚሻ ሰው፣ ተደራዳሪዎቹ በየዓመቱ ወደሚሰበሰቡበት ከተማ መቅረብ ቀላል ጥቅም አይደለም።

ሐ. የቃላት ፍች

ድጎማ – የዕቃ ዋጋ እንዳይወደድ ከመንግሥት የሚሰጥ የገንዘብ ድጋፍ
ዘርፍ – የአንድ ሰፊ ጉዳይ ክፍል
ማግስት – አንድ ነገር ከሆነ በኋላ ያለው ቀን ወይም ጊዜ

መ. መልመጃ

1. በምንባቡ መሠረት ሁለቱ የትምህርት ዘርፎች በምን ይለያያሉ?
2. ዕዳ የተመራቂውን የሥራ ምርጫ የሚለውጠው እንዴት ነው?
3. «ናረ»፣ «ተወደደ» እና «ጨመረ» የሚሉትን ቃላት ልዩነታቸው በሚታይባቸው ዓረፍተ ነገሮች ውስጥ አግቡ።
4. አንዲት የገንዘብ ሚኒስቴር ሠራተኛ አምስት ዓመት ካገለገለች በኋላ ከሁለት ዩኒቨርሲቲዎች ጥሪ ደረሳት። አንደኛው ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ብድር ይጠይቃል። ሁለተኛው ብዙም አይታወቅም፤ ክፍያውን ግን ይችልላታል። የትኛውን እንድትመርጥ ትመክሯታላችሁ? ምክንያታችሁን በሁለት አንቀጽ ጻፉ።