ጨዋታው ሲታደስ ልፋታችን እንዳይፈርስ

በሙባረክ አል-ከቢር የምንኖር ተማሪዎች ከጥናት በተረፈችን ሰዓት በሞድ ያዳበርነው የወራት ጨዋታ በአንድ እድሳት ሲሰናከል ምክንያቱን መረዳት ይገባናል።

«ፎልአውት 4» ኤፕሪል 25 ቀን 2024 ሲታደስ፣ ብዙ ሞዶች የሚመረኮዙበት ኤፍ4ኤስኢ የተባለው መሣሪያ መሥራት አቆመ። መሣሪያው የፕሮግራሙን የውስጥ አድራሻዎች ተከትሎ ስለሚሠራ፣ ፕሮግራሙ ሲለወጥ መንገዱ ይጠፋዋል። «ፎልአውት ለንደን» የተባለው ታላቅ ሞድም በዚሁ ሳቢያ እስከ ጁላይ 25 ዘገየ።

ስለዚህ፦
አንደኛ፣ ጨዋታው ስንከፍተው ብቻ እንዲታደስ ስቲምን እንዘዝ፤ ዘወትርም በኤፍ4ኤስኢ በኩል እንክፈት።
ሁለተኛ፣ የጨዋታውን ማኅደርና የደረስንበትን መዝገብ ገልብጠን በሌላ ቦታ እናስቀምጥ።
ሦስተኛ፣ እድሳቱ ከቀደመን ሞዶችን በችኮላ አንንቀል፤ መዝገቡን ሊያበላሽ ይችላልና። ቅጂውን እንመልስ፤ ወይም መሣሪያው እስኪታደስ እንታገሥ።