የመሬትና የውሃ ጥበቃ፦ ሕዝቡ ተጠርቶ የሚሰማበትና ተሰብስቦ የሚወስንበት ጉባኤ

በድርቅ በተጎዱ አካባቢዎች እርከን ለመሥራት፣ ምንጭ ለማጎልበት ወይም የተራቆተ ተራራ ከልሎ ለማሳረፍ ሲታሰብ፣ በቅድሚያ የሚደረገው የአካባቢውን ሕዝብ መሰብሰብ ነው። ይሁን እንጂ ስብሰባ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። ሕዝቡ አስቀድሞ የተወሰነውን ለመስማት የሚጠራበት ስብሰባ አለ፤ ራሱ መክሮ ሕግ የሚያወጣበትም አለ። የሁለቱ ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ሥራው በሚከናወንበት ጊዜ ሳይሆን እርዳታው ካበቃ በኋላ ነው።

1. ሳይመከርበት የተሠራ እርከን

ከ1970ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ አንስቶ በወሎ፣ በትግራይ፣ በሸዋ፣ በሐረርጌና በሌሎችም ክፍላተ ሀገር በምግብ ለሥራ መርሐ ግብር ሰፊ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ሥራ ተካሂዷል። ገበሬው በገበሬ ማኅበሩ አማካይነት እየተጠራ እርከን ሠርቷል፤ ችግኝ ተክሏል፤ ለድካሙም እህልና ዘይት ተቀብሏል። ከሥራው ስፋት አንጻር ውጤቱ የሚናቅ አልነበረም።

ሆኖም እርከኑ የት እንደሚሠራና በምን ያህል ርቀት እንደሚለያይ ገበሬው አልተጠየቀም። እርከኑ ከጠባቡ ማሳ ላይ ቦታ መውሰዱ፣ ለበሬ መዞሪያ አለማመቸቱና የአይጥ መጠለያ መሆኑ ያስከተለው ቅሬታ ሰሚ አላገኘም። የተተከለው ዛፍ የማን እንደሆነና ከተከለለው ተራራ ሣሩን ማን እንደሚያጭድም በግልጽ አልተነገረም። በ1983 ዓ.ም. የመንግሥት ለውጥ ሲደረግ በበርካታ ቦታዎች የጋራ ደኖች ተመነጠሩ፤ ክልሎች ለከብት ተለቀቁ፤ እርከኖችም ፈረሱ። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ሳይታወቅ የቆየ ሥራ ጠባቂ አላገኘም።

2. የመንዝ ጓሳ ሥርዓት

በሰሜን ሸዋ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ ምድር ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሣር መሬት ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ያገለግላል። ከዚሁ ከፍታ የሚነሡ ምንጮችም በታች ላለው ሕዝብ ውሃ ይሰጣሉ። ነዋሪዎቹ ከ17ኛው ምዕተ ዓመት ጀምሮ «ቄሮ» በሚባል ሥርዓት ይህን ምድር ሲጠብቁ ኖረዋል። ሣሩ ለዓመታት ተዘግቶ እንዲያገግም ይደረጋል፤ መድረሱ ሲረጋገጥ በበጋ ተከፍቶ ይታጨዳል፤ ከዚያም ከብት ይገባበታል፤ ክረምቱ ሲገባ እንደገና ይዘጋል። ጥበቃውን የሚመራው በተጠቃሚዎቹ የተመረጠ ኃላፊ ነው፤ ሕግ የተላለፈም ይቀጣል። በድርቅ ጊዜ የጓሳ ምድር ለከብቱ መጠባበቂያ ነበር።

ሥርዓቱ ጉድለት አልነበረውም ማለት አይደለም። የመጠቀም መብቱ ከርስት ጋር የተያያዘ በመሆኑ ሁሉንም አያቅፍም ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት አዋጅ ሲወጣ ርስት ቀረ፤ ቄሮም አብሮት ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ባልተገደበ አጨዳና ግጦሽ ምድሩ ተጎዳ። የኋላ ኋላ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ኮሚቴ መርጠው የመተዳደሪያ ደንብ በማውጣት ጥበቃውን መልሰው አቋቋሙ። አሮጌው ሕግ ሲሻር በቦታው ሌላ ካልተተካ፣ የሁሉም የሆነው የማንም እንደማይሆን ከዚህ መረዳት ይቻላል።

3. የቦረና ጉድጓዶች

በቦረና «ቱላ» የሚባሉት ጥልቅ ጉድጓዶች ውሃ የሚቀዳው ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተሰልፈው እየተቀባበሉ ነው። ስለ ጉድጓዱ ጉባኤ ተቀምጦ ይመከራል፤ በየዕለቱ የማን ከብት መቼ እንደሚጠጣ ተራ የሚያስከብር ኃላፊም አለ። ጉድጓዱ በደለል ሲሞላ የሚጠርገው፣ ተራው ሲጣስ የሚዳኘው ይኸው ጉባኤ ነው። ጠቅላላ ሕጎችም በየ8 ዓመቱ በሚካሄደው በጉሚ ጋዮ ይታያሉ።

4. በሠፈራ ቦታዎች

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከሰሜንና ከማዕከላዊ የአገሪቱ ክፍል ወደ ምዕራብና ደቡብ ምዕራብ እንዲሠፍር ተደርጓል። ባዶ ተብሎ የተመደበው መሬት በብዙ ሥፍራ የነባሩ ሕዝብ ተዘዋውሮ ማረሻ፣ ማደኛና የማር መቁረጫ ደን ነበር። ነባሩ ሕዝብ ሳይጠየቅ ደኑ በመመንጠሩ ለረጅም ጊዜ የዘለቀ ቅሬታና ግጭት ተከትሏል። ሠፋሪውም የመጣበትን እንጂ የገባበትን ምድር ሕግ አያውቅም ነበር። ስለሆነም በሠፈራ ቦታ የመጀመሪያው ጉባኤ ሠፋሪውንና ነባሩን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ፣ ከምንጣሮ በፊትም የሚደረግ መሆን ይገባዋል።

5. ስብሰባ ከመጥራት በፊት መታየት የሚገባቸው ነጥቦች

ሀ/ ዕቅዱ ሊለወጥ የሚችል መሆኑ። ሊለወጥ የማይችል ከሆነ የሚደረገው ምክክር ሳይሆን ማስታወቂያ ነው።

ለ/ በቦታው የሚጠቀሙ ግን ወደ ስብሰባ የማይመጡ ሰዎች መታወቃቸው። ውሃ የሚቀዱ ሴቶች፣ በበጋ ብቻ የሚመጡ አርብቶ አደሮችና መሬት የሌላቸው ወጣቶች ብዙውን ጊዜ ይዘነጋሉ።

ሐ/ ክልሉ የሚከፈትበት ጊዜና የሣሩ፣ የእንጨቱና የውሃው ድርሻ ሥራው ከመጀመሩ በፊት መወሰኑ።

መ/ ጠባቂው፣ ዳኛውና የቅጣቱ መጠን በሕዝቡ መመረጡና መወሰኑ፤ ውሳኔውም ተጽፎ በነዋሪዎቹ እጅ መቀመጡ።

እነዚህን ማሟላት ቀናት፣ አንዳንድ ጊዜም ወራት ሊወስድ ይችላል። የበጀት ዓመቱን የሚጠብቅ ሠራተኛ ይህን እንደ መዘግየት ሊቆጥረው ይችላል። ነገር ግን ሳይመከርበት በአንድ በጋ የተሠራው እርከን በሌላው በጋ ሲፈርስ የሚባክነው እህልና ጉልበት ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ለሚቀጥለው ጥሪ የሚኖረው እምነትም አብሮ ይፈርሳል።