ወረፋ የሚለካው ምንድን ነው? ውስን ምርት፣ የተሽከርካሪ ገበያና የምዕራብ ሐረርጌ ነጋዴ

የምጣኔ ሀብት መማሪያ መጻሕፍት ወረፋን በአብዛኛው የሚገልጹት ዋጋ ሥራውን እንዳይሠራ ሲከለከል የሚፈጠር ጉድለት አድርገው ነው። ፈላጊው ከአቅርቦቱ ሲበልጥ ዋጋ ይወጣል፤ ዋጋው እንዳይወጣ ከታገደ ደግሞ ሰው ይሰለፋል። ይህ አገላለጽ በደርግ ዘመን በቀበሌ ሱቅ በር ላይ የነበረውን የስኳር ሰልፍ በሚገባ ያስረዳል። በጣሊያን ማራኔሎ ከተማ ያለውን የፌራሪን ሰልፍ ግን አያስረዳም። በዚያ ዋጋ እንዳይጨምር የሚከለክል አካል የለም፤ ሰልፉ ግን አለ። ቦኬ ላይ ጫት ገዝቶ ወደ ጭሮ ለማድረስ መኪና የሚፈልገውን ነጋዴም አያስረዳም፤ እርሱ የቆመበት ሰልፍ ከአምራቹ ፋብሪካ ጋር ጨርሶ ግንኙነት የለውምና። ሁለቱን ሰልፎች ጎን ለጎን ማየት የሚጠቅመው፣ ወረፋ ምን ጊዜም የአንድ ነገር ማጠር መለኪያ ቢሆንም ያጠረው ነገር ምን እንደሆነ ግን በራሱ ስለማይናገር ነው።

ከአምራቹ እንጀምር። የፌራሪ መሥራች ኤንዞ ፌራሪ ገበያው ከሚፈልገው አንድ መኪና አሳንሶ የማምረት መርሕ እንደነበራቸው በሰፊው ይነገርላቸዋል። ኩባንያው በቅርቡ ዘመንም ይህንኑ በይፋ ፈጽሞታል። እ.ኤ.አ. በ2012 7,318 መኪና ያስረከበው ፌራሪ በቀጣዩ ዓመት ሆን ብሎ ወደ 6,922 ዝቅ አደረገ፤ የዚያ ዓመት ገቢው ግን በ5 በመቶ ገደማ አደገ። ይህ የሆነው ምርቱ ያነሰበት ዕቃ ዋጋው ስለሚንር ብቻ አይደለም። ደንበኛው ተራ በመጠበቁ ውስጥ ራሱ የሚገዛው ነገር አለ፤ ሌላው ሊያገኘው ያለመቻሉን። እ.ኤ.አ. በ2024 ኩባንያው 13,752 መኪና አስረክቧል፤ በአሥር ዓመት ውስጥ ምርቱ በእጥፍ ገደማ ሲያድግ ሰልፉ አልጠፋም። ስለዚህ ውስንነቱ የማሽን ወይም የብረት ውስንነት አልነበረም፤ በኩባንያው ውሳኔ የሚጠበቅ ነው።

ሆኖም የተራው ባለቤት አምራቹ ነው ማለት አምራቹ ሁልጊዜ ይቆጣጠረዋል ማለት አይደለም። በተወሰነው ዋጋና ሰዎች ለመክፈል በተዘጋጁት ዋጋ መካከል ያለው ልዩነት የአንድ ሰው ኪስ መግባቱ አይቀርም፤ አምራቹ ካልወሰደው ነጋዴው ወይም ደላላው ይወስደዋል። ፌራሪ ኤፍ50 የተባለውን 349 ብቻ የተመረተ ሞዴል በአሜሪካ ሲያቀርብ ከሽያጭ ይልቅ የሁለት ዓመት ኪራይ ያስቀደመው ገዢዎች በማግሥቱ አትርፈው እንዳይሸጡት ነበር። ፎርድም እ.ኤ.አ. በ2016 ለጂቲ ሞዴሉ ማመልከቻ ሲቀበል ለ500 መኪና 6,506 ሰው አመለከተ፤ ኩባንያው ከተመረጡት ጋር ለሁለት ዓመት ላለመሸጥ ውል ገባ፤ ውሉን አፍርሷል ያለውን ታዋቂ ገዢም ፍርድ ቤት አቆመ። የመመረጫው መስፈርት ገንዘብ ብቻ አለመሆኑ ልብ ሊባል ይገባል፤ ስምና ከኩባንያው ጋር ያለ የቆየ ግንኙነት ይመዘን ነበር።

ሰልፉ ረጅም መሆኑ ፍላጎቱ ጽኑ ለመሆኑ ማረጋገጫ አለመሆኑን ደግሞ የጃጓር ኤክስጄ220 ታሪክ ያሳያል። እ.ኤ.አ. በ1989 ኩባንያው ለ350 መኪና ተራ ሲከፍት በነፍስ ወከፍ 50,000 ፓውንድ ቀብድ ለማስያዝ የቀረበው ሰው ከ1,000 በላይ ነበር። መኪናው በ1992 ሲደርስ የሞተሩ ዓይነት ተቀይሯል፤ ዋጋው ጨምሯል፤ የብሪታንያ ምጣኔ ሀብትም ተዳክሟል። ቀብድ ካስያዙት ብዙዎቹ ከውላቸው ለመውጣት ታገሉ፤ ጉዳዩም እስከ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ በመጨረሻ የተሠራው ከ300 በታች ሆነ። በመዝገቡ ላይ ከሰፈሩት ብዙዎቹ ፈላጊዎች ሳይሆኑ የተራ ነጋዴዎች ነበሩ ማለት ይቻላል።

ኢትዮጵያ ውስጥ የዚህ ታሪክ ግልባጭ ተፈጽሟል። ሆላንድ ካር እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቁሞ ዓባይ፣ ተከዜና አዋሽ የሚባሉ በወንዝ ስም የተጠሩ አውቶሞቢሎችን በሀገር ውስጥ ገጣጥሞ ይሸጥ ነበር። መለዋወጫው የሚመጣው ከውጭ፣ የሚከፈለውም በውጭ ምንዛሪ ነው፤ ደንበኛው ግን የሚከፍለው በብር፣ ያውም አስቀድሞ ነው። ነሐሴ 2002 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲቀንስ አስቀድሞ የተሰበሰበው ብርና ገና የሚገዛው ዕቃ ተራራቁ። ኩባንያው በ2005 ዓ.ም. የመክሰር ጥያቄ አቀረበ፤ ከፍለው ሲጠብቁ የነበሩ ደንበኞችም ከአበዳሪዎች ተርታ ገቡ። በጃጓር ዘንድ ሰልፈኛው ጠፍቶ አምራቹ ቀረ፤ በሆላንድ ካር ሰልፈኛው ቀርቶ አምራቹ ጠፋ። በሁለቱም ቦታ ቀብድ ማለት ገዢው ለሻጩ የሰጠው ያልተዋሰ ብድር መሆኑ ተገለጠ።

ለኢትዮጵያ ገዢ ዋናው ወረፋ የነበረው ግን በመኪና መሸጫ ሳይሆን በባንክ ነው። አስመጪው የዋጋ ማቅረቢያ ሰነድ ይዞ ባንክ ይመዘገባል፤ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ይጠብቃል። ነዳጅ፣ ማዳበሪያና መድኃኒት ቅድሚያ ስለነበራቸው አውቶሞቢል ከኋላ ነበር። ተራው ሲደርስ ሰነዱ ጊዜው አልፎበት፣ የውጭው ዋጋም ተለውጦ ይገኛል። ጥቅምት 2015 ዓ.ም. መንግሥት 38 የዕቃ ዓይነቶች የውጭ ምንዛሪ እንዳይፈቀድላቸው ሲወስን ተሽከርካሪ ከዝርዝሩ አልቀረም። ከዚያ ቀደም የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ባረጁ ያገለገሉ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጥሎ ነበር። ጥር 2016 ደግሞ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት መከልከሉ በይፋ ተነገረ።

ይህ የመጨረሻው ውሳኔ ለዚህ ጥናት ልዩ ትርጉም አለው። አዲስ የማይገባበት ገበያ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ የነዳጅ አውቶሞቢል፣ ባለቤቱ ቢያስበውም ባያስበውም፣ ቁጥሩ የተዘጋ ሞዴል ሆኗል። ፌራሪ በ399 ወይም በ499 የሚያጥረውን ዙር በኢትዮጵያ መመሪያ አጠረው። ከዚህ ቀደም ብሎም ያገለገለ መኪና ከተገዛበት በበለጠ ብር መሸጡ በሀገሪቱ የተለመደ ነበር፤ በሌላው ዓለም ይህ በአብዛኛው የሚታየው በብርቅ መኪኖች ላይ ነው። የሐረር ከተማ ፔጆ 404 ታክሲዎች ለዚህ ጥሩ ምስክር ናቸው፤ ፈረንሳይ መሥራቱን ካቆመች አሥርት ዓመታት ካለፉ በኋላም በጋራዥ ባለሙያ እጅ እየታደሱ ሲሠሩ ኖረዋል።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ የ38ቱ ዕቃዎች እገዳም ተነሣ። በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ከ57 ብር ገደማ የነበረው የዶላር መግዣ በዚያው ቀን ወደ 74 ብር ገደማ ከፍ አለ፤ በወራት ውስጥም ከ100 ብር አለፈ። ወረፋው በከፊል ወደ ዋጋ ተለወጠ ማለት ነው። ተራ ለመጠበቅ ጊዜ ያልነበረው ገንዘብ ያለው አስመጪ ተጠቀመ፤ ጊዜ ኖሮት ገንዘብ ያጠረው ደግሞ ቀድሞ በመዝገብ ከነበረበት ቦታ አሁን ከገበያው ውጭ ሆነ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይሻላል ወይስ ይብሳል የሚለው ክርክር ማን በየትኛው ሰልፍ እንደቆመ ሳይታይ የሚፈታ አይደለም።

እዚህ ላይ ምዕራብ ሐረርጌ ጠቃሚ የመመርመሪያ ቦታ ይሆናል። በቦኬ፣ በገለምሶና በጭሮ ዙሪያ የሚመረተው ጫት ከተቆረጠ በኋላ ኃይል የሚሰጠው ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር በሁለት ቀን ገደማ ውስጥ ወደ ደካማ ይዘት ይለወጣል። በሙዝ ቅጠል መጠቅለሉ ጥቂት ሰዓት ይጨምራል እንጂ ሕጉን አይለውጠውም። ያደረ ጫት የገበያ ጫት አይደለም። ስለዚህ መኪና ለዚህ ነጋዴ የማጓጓዣ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን የዕቃው የጥራት አካል ነው። የስፖርት መኪና ገዢ ፍጥነትን ለክብር ይገዛል፤ የጨርጨርን ዳገት ወርዶ ዋናውን አስፋልት የሚይዘው የጫት ጭነት ነጂ ግን ፍጥነትን ለዕለት ገቢው ይገዛል፤ ዋጋውንም መንገዱ ላይ በአደጋ የሚከፍልበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

እንዲህ ያለ ነጋዴ ለመኪና ሁለት ዓመት ተራ መጠበቅ አይችልም፤ መቆየቱ ራሱ ኪሳራ ነው። ያለው ምርጫ በእጅ ያለን መኪና በተጋነነ ዋጋ መግዛት ወይም መኪና ካለው ሰው መከራየት ነው። በተለምዶ መኪና የሌለው ስለሚበዛ የኪራዩን መጠን የሚወስነው ባለመኪናው ይሆናል። ነጋዴው ጭሮ ላይ ወይም ከዚያ ወዲያ የሚሸጥበትን ዋጋ ሊያስጨምር አይችልም፤ ገዢው ከሌላ ወረዳም ያገኛልና። ሊቀንስ የሚችለው ለገበሬው የሚከፍለውን ነው። በዚህ መንገድ አዲስ አበባ ባንክ ውስጥ የቆመ ሰልፍ ዋጋው ቦኬ ማሳ ላይ ይከፈላል፤ የሚከፍለውም በየትኛውም መዝገብ ላይ ስሙ የሌለ ሰው ነው። የኤሌክትሪክ መኪና መፍትሔ ሊሆን ይችላል ቢባልም ኃይል መሙያ ጣቢያዎች በአብዛኛው በአዲስ አበባ መሆናቸውና የመንገዱ ዳገታማነት ለጊዜው ምርጫውን ያጠብበዋል።

ይህ ሐሳብ በመስክ ሊፈተን የሚችል መላምት ነው። የሚያስፈልገው በአንድ የገበያ ቀን፣ በአንድ መንገድ ላይ ሦስት ቁጥሮችን አብሮ መመዝገብ ነው፦ ገበሬው በማሳው የተቀበለውን፣ ለመኪናው የተከፈለውን ኪራይና ጭሮ ላይ የተሸጠበትን ዋጋ። ከሐምሌ 2016 በፊትና በኋላ ያሉ የባለመኪኖችና የነጋዴዎች የሒሳብ ደብተሮች ከተገኙ ንጽጽሩ ይበልጥ ይጠነክራል። አስቸጋሪው የዝናብ ወራትን መለየት ነው። በክረምት ጫቱ ስለሚበዛ ዋጋው በራሱ ይወርዳል፤ የገጠሩ መንገድም ስለሚበላሽ ኪራዩ ያለ ምንም የምንዛሪ ምክንያት ይወጣል። ስለዚህ መዝገቡ ቢያንስ ሁለት በጋና ሁለት ክረምት መሸፈን ይኖርበታል፤ የኬላ ክፍያም ከኪራዩ ተነጥሎ መጻፍ አለበት፣ ነጂዎች ብዙውን ጊዜ ሁለቱን በአንድ ስለሚናገሩ።