በዓልን በሰው አገር ማክበር

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

ልጆች፣ ባለፈው ትምህርታችን ስለ ጥምቀት በዓል ተምረን ነበር። ጌታችን መድኃኒታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በዮርዳኖስ ወንዝ በቅዱስ ዮሐንስ እጅ እንደተጠመቀ፣ ታቦታቱም በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ወደ ጥምቀተ ባሕር የሚወርዱት ይህንኑ ለማሰብ እንደሆነ ታስታውሳላችሁ። ዛሬ ደግሞ ከአገራቸው ርቀው የሚኖሩ ወገኖቻችን በዓላትን በቤተ ክርስቲያን ተሰባስበው እንዴት እንደሚያከብሩ እንማራለን። ይህን ትምህርት እንዳዘጋጅ ያነሣሣኝ በራሳችን ክፍል የደረሰ ነገር ነው። መጀመሪያ እርሱን ልንገራችሁ።

1. የእንግዳው ልጅ ጥያቄ

በ2015 ዓ.ም. የጥምቀት በዓል ሐሙስ ቀን ዋለ። ከበዓሉ በኋላ በነበረው እሑድ አንዲት እናት የዐሥር ዓመት ልጇን ይዛ ወደ ክፍላችን መጣች። ከአሜሪካ በዓሉን ለማክበር የመጡ እንግዶች ነበሩ። ልጁ ነጭ ልብስ ለብሷል፤ ነጠላውን ግን ማጣፋት ስላልቻለ አንገቱ ላይ ጠምጥሞታል። በበዓሉ ያያችሁትን ተናገሩ ብዬ ተራ በተራ ስጠይቅ እርሱም እጁን አወጣና በተቆራረጠ አማርኛ፣ «ታቦቱ ለምን ሐሙስ ወጣ? እኛ ጋ የሚወጣው ቅዳሜ ነው» አለ።

ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ከኋላ የተቀመጠ አንድ ልጅ፣ «ቅዳሜ የሚወጣው ታቦት ነው ወይስ ገበያ?» ሲል ሳቁ ባሰ። እኔም መምህራችሁ ፈገግ ማለቴን አልደብቃችሁም። እንግዳው ልጅ አንገቱን ደፋ፤ ትምህርቱ እስኪያልቅ ድረስም ቀና አላለም።

ማታ ቤቴ ገብቼ ነገሩን ሳስበው አፈርኩ። ልጁ የተናገረው በዐይኑ ያየውን ነው። እኛ ግን ያላየነውን ነገር ሳንጠይቅ ሳቅንበት። ስለዚህ በማግሥቱ እናቱን አግኝቼ፣ «እስቲ እናንተ ዘንድ በዓል እንዴት እንደሚከበር ንገሪኝ» አልኳት። ከእርሷ የሰማሁትንና ከዚያም በፊት ከውጭ ከመጡ ካህናት የሰማሁትን እነሆ።

2. ታቦቱ ለምን ቅዳሜ ወጣ?

እዚህ ባሕር ዳር ጥምቀት ሲደርስ ሁሉ ነገር ተዘጋጅቶ ይጠብቀናል። ትምህርት ቤት ይዘጋል፤ መሥሪያ ቤትም ይዘጋል። መንገዱ ለታቦታቱ ይለቀቃል። ካህናቱ፣ መዘምራኑ፣ ዲያቆናቱ ብዙ ናቸው። ከጣና ዳር የታጨደ ቄጤማ ይጎዘጎዛል። እናንተ የሚጠበቅባችሁ የታጠበ ልብሳችሁን ለብሳችሁ መውጣት ብቻ ነው።

በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ ግን ጥር 11 ቀን እንደ ማንኛውም የሥራ ቀን ነው። በእነርሱ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ ጃንዋሪ 19 ይሆናል። አባት ወደ ሥራ፣ ልጅም ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳል። መንገድ የሚለቅ የለም። ስለዚህ በብዙ ቦታ ካህናቱ በዕለቱ የበዓሉን ጸሎትና ቅዳሴ ያደርሳሉ፤ ምእመናን ሁሉ ተሰብስበው ታቦት የሚያጅቡበትን ሥርዓት ግን በአቅራቢያው ባለ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያደርጉታል። እንግዲህ የልጁ ንግግር ስሕተት አልነበረም። በዓሉ ቀኑን አልለወጠም፤ ሕዝቡ መሰብሰብ የሚችለው ያን ጊዜ ስለሆነ ነው።

ጃንዋሪ በሰሜን አሜሪካ የክረምት ወር ነው። በብዙ ከተማ በረዶ ይወርዳል፤ ሐይቅ እንኳ ላዩ ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ አለ። ስለዚህ ውኃው በትልቅ ዕቃ ተቀድቶ ይባረክና ለሕዝቡ ይረጫል። ልጆቹ ከወፍራም ካፖርት በላይ ነጠላ ደርበው ይዘምራሉ። ለመስቀል በዓልም ደመራ ለማቃጠል የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ፈቃድ መጠየቅ ያስፈልጋል። ትንሽ ደመራ ብቻ የሚፈቀድበት ቦታ አለ።

የራሳቸው ቤተ ክርስቲያን የሌላቸው ምእመናን ደግሞ አዳራሽ ወይም የሌሎች ክርስቲያኖችን ቤተ ክርስቲያን ተከራይተው ያስቀድሳሉ። እናቶች ከሥራ መልስ ሌሊቱን ዶሮ ወጡን ሠርተው፣ ድፎውን በምድጃ ጋግረው ይዘው ይመጣሉ። አባቶች ወንበር ይደረድራሉ። ከበሮው፣ ጽናጽሉ፣ መቋሚያው በመኪና ተጭኖ ይመጣል። ሲያበቃም ሁሉም ተባብረው አዳራሹን ጠርገው ያስረክባሉ። የዚያ እንግዳ ልጅ ሥራ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ወንበር ማጠፍ። በዓል በመጣ ቁጥር እርሱና ጓደኞቹ ወንበር አጥፈው ሳይጨርሱ ወደ ቤት አይሄዱም።

አያችሁ ልጆች? እኛ የተዘጋጀ በዓል ላይ እንደርሳለን። እነርሱ ግን በዓሉን በጉልበታቸው ያቆሙታል። ያም ሆኖ ብቻውን የሚያቆመው የለም። አንድ ቤተሰብ ብቻውን ቢሆን ዳቦ ይቆርስ ይሆናል፤ ቅዳሴና ማኅሌት ግን አይኖረውም። ለዚህ ነው አንዳንዶቹ ብዙ ሰዓት መኪና ነድተው ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚመጡት።

3. ጓደኞቹ ሲበሉ እርሱ የሚጾመው ለምንድን ነው?

ሌላም ፈተና አለባቸው። በምዕራባውያን አገሮች የልደት በዓል የሚከበረው ዲሴምበር 25 ቀን ነው። እኛ የምናከብረው ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በእነርሱ አቆጣጠር ጃንዋሪ 7 ነው። ይህ ልዩነት የመጣው በ1582 ምዕራባውያን የቀን አቆጣጠራቸውን ስላስተካከሉ ነው። እኛ በቀደመው ስሌት ቆየን። ግብፃውያን ኦርቶዶክሶችና ሩስያውያንም ልደትን በዚያው ጃንዋሪ 7 ቀን ያከብራሉ። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ እኛ ልደትን የምናከብረው ታኅሣሥ 28 ቀን መሆኑን አትርሱ።

አሁን አስቡት። ዲሴምበር 25 ሲሆን እኛ ገና በጾመ ነቢያት ውስጥ ነን፤ ጾሙ ኅዳር 15 ቀን ይጀምራልና። በእነዚያ ሳምንታት በትምህርት ቤት ኬክና ቸኮሌት ይታደላል። የሚጾም ልጅ «አመሰግናለሁ፣ እጾማለሁ» ብሎ ይመልሳል። ጓደኞቹ «ለምን?» ይሉታል። እርሱም በዚያ አገር ቋንቋ ማስረዳት አለበት። ሁለት ሳምንት ቆይቶ የእርሱ ገና ሲመጣ ደግሞ የገና ዛፉ ሁሉ ተነሥቷል፤ መብራቱም ጠፍቷል። በዚያ ቀን ደስታውን የሚካፈሉት በቤተ ክርስቲያን የሚያገኛቸው ሰዎች ናቸው።

እናንተ ስትጾሙ «ለምን ትጾማላችሁ?» ብሎ የጠየቃችሁ ሰው አለ? ብትጠየቁስ ትመልሳላችሁ? ለጥቂት ጊዜ አስቡበት።

4. ከእኛ በፊት የተሰደዱት

ልጆች፣ በሰው አገር መኖር ዛሬ የተጀመረ ነገር አይደለም። ጌታችን ራሱ ሕፃን ሳለ ስደተኛ ነበር። ሄሮድስ ሊገድለው ስለፈለገ እመቤታችን ድንግል ማርያም ከዮሴፍ ጋር ይዛው ወደ ግብፅ ሸሸች። ይህን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ላይ ታገኙታላችሁ። ቤተ ክርስቲያናችን ያን ስደት ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ቀን በጾመ ጽጌ ታስበዋለች። አባቶቻችን እንዳስተላለፉልን ትውፊትም እመቤታችን ልጇን ይዛ በጣና ቂርቆስ ደሴት ሦስት ወር ከዐሥር ቀን ዐርፋለች። እንግዲህ በየቀኑ የምናየው ሐይቃችን የተሰደደ ሕፃን የተቀበለ ሐይቅ ነው ማለት ነው።

በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 ላይ ያለውንም ኢትዮጵያዊ ጃንደረባ አስታውሱ። ይሰግድ ዘንድ ያን ሁሉ መንገድ በሠረገላ ተጉዞ ወደ ኢየሩሳሌም ወጣ። ሲመለስም የኢሳይያስን መጽሐፍ እያነበበ ነበር። ያነበበውን ስላልተረዳው ፊልጶስ ተረጎመለት፤ አጠመቀውም። ጃንደረባው ትልቅ ባለ ሥልጣን ሲሆን መጠየቅ አላሳፈረውም። ፊልጶስም አልሳቀበትም።

ከዚያም በኋላ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ከብዙ መቶ ዓመታት ጀምሮ በኢየሩሳሌም ኖረዋል። ዴር ሡልጣን የሚባለው ገዳማቸው የጌታችን መቃብር በሚገኝበት ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ነው። መኖሪያቸው ትንንሽ ጎጆ መሳይ ክፍሎች ናቸው። ብዙ ችግር አይተዋል፤ በዓልን ግን አላስታጎሉም። በትንሣኤ ሌሊት ጧፍ አብርተው፣ ከበሮ እየመቱ በዚያ ጣሪያ ላይ ይዘምራሉ። በዚያው ከተማ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን መሠራት ጀምራ በአፄ ምኒልክ 2ኛ ዘመን የተፈጸመች ደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት የምትባል ቤተ ክርስቲያን አለችን። እንደ ዘጌዋ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ክብ ናት። በሰው አገር ያለ ሰው የአገሩን ቤተ ክርስቲያን መልክ ሲያይ እንዴት ደስ እንደሚለው ገምቱ።

በ1970 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ደግሞ በኋላ ብፁዕ አቡነ ይስሐቅ የተባሉት አባ ላእከ ማንደፍሮ ወደ ጃማይካ ሄደው ብዙዎችን አስተምረው አጥምቀዋል። ኢትዮጵያን በዐይናቸው ሳያዩ የእኛን በዓላት የሚያከብሩ ክርስቲያኖች በዚያ አሉ።

5. እኛስ ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ በዓላችንን እንወቅ። ከእናንተ መካከል ነገ ለትምህርት ወይም ለሥራ ወደ ሩቅ አገር የሚሄድ ይኖራል። ያን ጊዜ ጣና አይከተለውም፤ ጥምቀተ ባሕሩም አይከተለውም። ይዞት የሚሄደው ዛሬ በቃሉ የያዘውን ጸሎት፣ መዝሙርና የበዓሉን ትርጉም ነው። ዛሬ ልብሱንና ምግቡን ብቻ ያወቀ ልጅ በዚያ ጊዜ ለጓደኞቹ የሚነግረው ነገር ያጣል።

ሁለተኛ፣ ከውጭ በመጣ ልጅ አንሳቅ። አማርኛው ቢሰባበር በሌላ ቋንቋ መካከል እየኖረ የያዘው ስለሆነ ነው። «እናንተ ዘንድስ እንዴት ነው?» ብለን እንጠይቀው።

ሦስተኛ፣ እንግዳ የሚሆነው ባሕር የተሻገረ ብቻ አይደለም። በከተማችን ዩኒቨርሲቲ ከሩቅ መጥተው የሚማሩ፣ በዓልን ያለ ወላጅ የሚውሉ ተማሪዎች አሉ። ከቀያቸው ተፈናቅለው በዓልን በሰው ደጅ የሚያሳልፉ ልጆችም አሉ። ለእነርሱ እኛ ባሕር ዳሮች የምንሰጣቸው አቀባበል ነው በዓሉ። ከወላጆቻችሁ ጋር ተማከሩና በሚቀጥለው በዓል አንድ ሰው ወደ ቤታችሁ ጥሩ።

6. በሚቀጥለው እሑድ የሆነው

ታሪኩን ልጨርስላችሁ። በሚቀጥለው እሑድ እናትና ልጅ እንደገና መጡ። በመጀመሪያ እኔ ልጁን በክፍሉ ፊት ይቅርታ ጠየቅሁት፤ ታቦቱ ለምን ቅዳሜ እንደሚወጣም ለሁሉም አስረዳሁ። ከዚያም ጸሎተ ሃይማኖትን በቃሉ የሚያደርስ ማን ነው ብዬ ጠየቅሁ። ስለ ገበያ የቀለደው ልጅ ተነሥቶ ጀመረ፤ እኩሌታው ላይ ሲደርስ ቆመ። ክፍሉ ዝም አለ። እንግዳው ልጅ ከተቀመጠበት ሆኖ የሚቀጥለውን ቃል በቀስታ ነገረው። ቀጠለ፤ እንደገና ቆመ። እንግዳው እንደገና ነገረው። እንዲህ እያሉ አብረው ፈጸሙት። ልጁ በዚያ በተከራዩት አዳራሽ ቅዳሜ ቅዳሜ ሲማር ኖሮ አንዲት ቃል አልሳተም።

ከክፍል ስንወጣ ያ የቀለደው ልጅ በደጀ ሰላሙ አጠገብ ቆሞ የእንግዳውን ነጠላ ከአንገቱ ላይ ፈታና መስቀለኛ አድርጎ አጣፋለት። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ሁለቱም ይስቁ ነበር።

መልመጃ

1. በአሜሪካ ወይም በአውሮፓ በብዙ ቦታ ታቦት በቅዳሜ ወይም በእሑድ የሚወጣው ለምንድን ነው?
2. እኛ ልደትን የምናከብረው በምዕራባውያን አቆጣጠር በስንት ቀን ነው? ልዩነቱስ ከምን መጣ?
3. ጾመ ጽጌ የምን መታሰቢያ ነው? ከመቼ እስከ መቼ ይጾማል?
4. ጃንደረባው ያልተረዳውን ሲጠይቅ ፊልጶስ ምን አደረገ? እኛስ ከዚህ ምን እንማራለን?
5. የቤት ሥራ፦ በውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ካላችሁ ባለፈው በዓል የት እንደዋለ፣ ከማን ጋር እንዳከበረ በስልክ ጠይቁትና የነገራችሁን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ አምጡ። ዘመድ የሌላችሁ ከሌላ ቦታ መጥቶ በከተማችን የሚኖር ሰው ጠይቁ።

ስደተኞችን የሚጠብቅ አምላክ በያሉበት ያሉትን ወገኖቻችንን ይጠብቅልን፤ እኛንም እንግዳ ተቀባይ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር። አሜን።